ቁልቁለት ላይ እንግዳ የሚያሳድር ቤት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ቤት ለሚያስነድፉ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ላይ ቦታ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው ቁልቁለቱን ነው። "ምናለ ሜዳ በሆነ!" ይላል። ከዚያ ኤክስካቫተር ያስገባና ይቆርጣል፣ ይደለድላል፣ ዙሪያውን በግንብ ይደግፋል። ቤቱ ገና ሳይጀመር ብዙው ገንዘብ አፈር ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ከቁልቁለቱ ጋር አትጣሉ። በደንብ ከተነደፈ ያው ቁልቁለት ከታች የራሱ በር ያለው የእንግዳ ማረፊያ፣ ከእሱ በላይ ደግሞ ቡና የሚጠጣበት ሰፊ ሰገነት ይሰጣችኋል። ሜዳ ላይ ይሄን ለማግኘት ፎቅ መሥራት ወይ ሁለተኛ ቤት መጨመር ነበረባችሁ።

አብዛኛው የምለው ደሴን የሚመለከት ነው። ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም የሐረጎን ተራራ ስትወርዱ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። አየሩም መሬቱም ሌላ ነው። ስለዚህ ለእሷ ለብቻው አንድ ክፍል አስቀምጫለሁ።

1. እንግዳችሁን ለዩ

አርኪቴክቱ ፕላኑ ላይ "የእንግዳ ክፍል" ብሎ አንድ ክፍል ስለጻፈላችሁ ብቻ አትርኩ። ወሎ ውስጥ እንግዳ አንድ ዓይነት አይደለም። ወረቀት አውጡና ያለፈውን ዓመት አስታውሱ። ማን መጣ? ስንት ሆነው መጡ? ስንት ቀን ቆዩ?

ብዙ ቤት አራት ዓይነት እንግዳ አለው። አንደኛው ቡና ጠጥቶ የሚሄደው ነው። ሁለተኛው አንድ ሁለት ሌሊት የሚያድረው ነው፤ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚያልፈው ዘመድ፣ ለመውሊድ የመጣው፣ ከአዲስ አበባ ለሰርግ የመጣው። ሦስተኛው ወራት የሚቀመጠው ነው። ከገጠር ለትምህርት የተላከ የወንድም ልጅ፣ ታማሚ ይዘው ሆስፒታል የሚመላለሱ እናት፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ እስክትደራጅ የምትቆይ እህት። አራተኛው ሁሉም በአንዴ ሲመጡ ነው፤ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ)።

ለአንደኛው ጥሩ መቀመጫ ይበቃዋል። ለሁለተኛው ፍራሽ የሚዘረጋበት ወለል ያስፈልጋል። ሦስተኛው የራሱ በርና የራሱ መጸዳጃ ከሌለው እሱም ይሳቀቃል፣ ባለቤቱም ይሰለቻል። አራተኛውን የሚያስተናግደው ግቢው ነው።

ብዙ ሰው ግን ለአራቱም በሳሎን መልስ ለመስጠት ይሞክራል። ሳሎኑን 40 ካሬ ያደርገዋል፣ በሶፋ ይሞላዋል፣ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ይውላል። የሚያድር እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ልጆቹ ከአልጋቸው ይነሳሉ። ሳሎኑን ወደ 25 ካሬ አውርዱትና የተረፈውን ለማረፊያው ስጡት።

2. መሬቱን በክረምት ሄዳችሁ እዩት

የደሴን ቦታ በጥር አይታችሁ አትፍረዱ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ሂዱ። ጎርፉ ከየት ገብቶ በየት ይወጣል? የሚቆምበት ቦታ አለ? በሞባይል ቅረጹት። ያ ቪዲዮ ለመሐንዲሱ ከብዙ ወሬ ይሻለዋል።

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተዘረጋች ከተማ ናት። ብዙው ተዳፋት ከተራራው እየወረደ የተከማቸ ልቅ አፈርና ድንጋይ ነው። የመሬት መንሸራተትም ለከተማዋ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቦታውን ስትዞሩ እነዚህን ፈልጉ፦ ግንዱ ከሥሩ ጎብጦ ወደ ላይ የቀና ዛፍ፣ ያዘመመ የመብራት ምሰሶ፣ በአግድም የተሰነጠቀ የጎረቤት አጥር፣ በበጋም የማይደርቅና ቄጤማ የሚያበቅል መሬት። ከነዚህ ሁለቱን ካያችሁ ከማንም በፊት የአፈር ባለሙያ ጥሩ። ለባለሙያ የሚከፈለው ብር በኋላ ለድጋፍ ግንብ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

ምልክቱ ባይኖርም ጉድጓድ አስቆፍሩ። አንዱን ከላይ፣ አንዱን መሃል፣ አንዱን ከታች፤ ጥልቀታቸው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር። ከታች ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ቶሎ ከተገኘ እሰየው። ቆሻሻ፣ የተደለደለ አፈር ወይም የድሮ ቤት ፍርስራሽ ከወጣ መሠረቱ ከዚያ ወርዶ ያልተነካ መሬት ላይ ማረፍ አለበት።

ቀጥሎ የቁልቁለቱን ልክ ውሰዱ። ሰርቬየር ማስለካት የግድ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት በራሳችሁ መገመት ትችላላችሁ። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ያዙ፤ አንዱን ጫፍ ቤቱ በሚጀምርበት፣ ሌላውን በሚያልቅበት ቦታ አቁሙና የውሃውን ልክ በእንጨት ላይ ምልክት አድርጉ። ከቤቱ ፊት እስከ ጀርባው ልዩነቱ 2.5 ሜትር አካባቢ ከሆነ ከታች ሙሉ ክፍል ይወጣላችኋል። 1 ሜትር ብቻ ከሆነ ግን አታስገድዱት። ያን ጊዜ ወለሉን በሦስት አራት ደረጃ ከፍና ዝቅ አድርጎ መሥራት ይሻላል።

3. ፀሐይዋን አስቀድሙ

ደሴ ላይ ቤት የሚወደደው በሶፋው ሳይሆን በፀሐዩ ነው። ህዳርና ታህሳስ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። ጠዋት ፀሐይ የማያገኝ መኝታ ቤት ውስጥ ያደረ እንግዳ "ደህና አደርኩ" ቢልም አትመኑት።

በበጋው ብርድ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ታህሳስ ላይ እኩለ ቀን ሆኖ እንኳ ከደቡብ አድማስ 55 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትወጣው። በክረምት መግቢያ ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ ደሴ ላይ የመኝታ ቤት መስኮት ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ ይሁን። ሰሜን ለዕቃ ቤት፣ ለመታጠቢያ፣ ለደረጃ ይበቃል።

ጦሳ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ከግርጌው ያለ ቤት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቶሎ ይሸሸዋል። ብዙው ተዳፋት ደግሞ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዝዋ ገደል አቅጣጫ ይወርዳል። ይሄ ዕድል ነው። ወደ ታች የሚከፈተው ማረፊያ በተፈጥሮው ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጥልቅ በረንዳ ክፍል ያጨልማል። ቁጥሩን እንየው። ከደቡብ መስኮት በላይ ጣሪያው 1 ሜትር ከወጣ በታህሳስ ቀትር ጥላው ከጣሪያው ጠርዝ በታች 1.45 ሜትር ያህል ይወርዳል። መስኮቱ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ጥላ ውስጥ ገባ ማለት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ጥላው 87 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ በደቡብ በኩል የጣሪያውን መውጫ አሳጥሩ። ጥልቁን በረንዳ ከመኝታ ቤት ፊት አታድርጉ።

ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። ደሴ ላይ ውጭ መቀመጥ የጠዋትና የቀትር ነገር ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ጭጋጉ ከጦሳ ሊወርድ ይችላል፣ ሰውም ጋቢ ይፈልጋል። የማታ ሰገነት ከፈለጋችሁ በነፋሱ በኩል መስታወት ወይም ግንብ ያስፈልገዋል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ደግሞ እንጨት ተክላችሁ ፌስታል እሰሩበት፤ በተለያየ ሰዓት እየሄዳችሁ እዩ።

4. ቤቱን ቁልቁለቱ ላይ ማስቀመጥ

ሐሳቡ ይሄ ነው። ዋናው ቤት በላይኛው መሬት ላይ ያርፋል። ማረፊያው ከታች፣ ከዋናው ቤት ግንባር 3 ሜትር ያህል ወደ ፊት ወጥቶ ይሠራል። የዚያ የወጣው ክፍል ሶሌታ (የአርማታ ጣሪያው) ለዋናው ቤት ሰገነት ይሆናል። ከሳሎን በር ተከፍቶ በቀጥታ ወደ ሰገነቱ ይወጣል፤ ከታች ያለው እንግዳ ደግሞ በራሱ በር ወደ ግቢው ይወጣል።

አሁን አደገኛው ነገር። የማረፊያው የጀርባ ግድግዳ አፈር እንዲደግፍ አታድርጉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚበላሸው። አፈሩ በክረምት ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ግድግዳውን ይገፋል። ባይገፋውም እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይገባና ቀለሙ ይላጣል፣ ሻጋታ ይወጣል፣ ብርድ ልብሱ ሁሉ ይሸታል። እንግዳው ምንም አይላችሁም፤ ሲስል ብቻ ትሰማላችሁ።

መፍትሔው ሁለት ግድግዳ ነው። አፈሩን የሚደግፈው ግንብ ለብቻው ይቆማል። ከእሱ ወዲህ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት መተላለፊያ ይቀራል። ከዚያ የማረፊያው ግድግዳ ይመጣል። መተላለፊያው ከሁለቱም ጎን ለአየር ክፍት ይሁን፤ ወለሉ ደግሞ ውሃ ወደ ውጭ እንዲያወጣ ያዘንብል። ይሄ ቦታ ብክነት ይመስላል፤ አይደለም። የመታጠቢያው መስኮት ወደዚያ ይከፈታል፣ የቧንቧ መስመሩም በዚያው ያልፋል፤ ሲበላሽ ወለል ሳይሰበር ይጠገናል።

የድጋፍ ግንቡ ከኋላው ጠጠር ይሞላለት። ከታች የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ በየ1.5 ሜትሩ የተቀበረ ቱቦ ይበቃል። የደሴ ጥቁር ድንጋይ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ግን ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ግንብ አይቆምም። ከኋላው የታሰረው ውሃ ነው የሚጥለው። ከፍታው ከ1.5 ሜትር ካለፈ ለግንበኛው ግምት አትተዉት፤ መሐንዲስ ያስላው።

የመሬት መንቀጥቀጡን ደግሞ አትርሱ። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉት በአፋር ስምጥ ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያወደመው የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የደረሰው ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በአዲስ አበባው መንገድ ነው። ቁልቁለት ላይ የተሠራ ቤት ደግሞ ኮለኖቹ እኩል ቁመት የላቸውም። ሲነቀንቅ አጫጭሮቹ ናቸው ብዙውን ጫና የሚሸከሙት፤ ቀድመው የሚሰበሩትም እነሱ ናቸው። መሐንዲሱን "አጫጭር ኮለኖቹን እንዴት አሰብካቸው?" ብላችሁ ጠይቁት። ከመለሰላችሁ ሰውየው ሥራውን ያውቃል። ሳይት ላይ ደግሞ ስታፋዎቹን (የኮለኑን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስሩትን ቀጫጭን ብረቶች) ራሳችሁ እዩ፤ ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ መጠጋጋት አለባቸው፣ ጫፋቸውም ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ከታች ያለውን ወለል ለመኪና ብላችሁ አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ክፍት ማድረግም ለመንቀጥቀጥ ጥሩ አይደለም።

5. የማረፊያው ውስጥ

3.5 በ4 ሜትር ክፍል፣ 1.5 በ2.2 ሜትር መታጠቢያና ሽንት ቤት፣ 1.2 ሜትር ርዝመት ያላት ጠረጴዛና የዕቃ ማጠቢያ። ይሄው ነው። ከዚህ ማሳነስ ይቻላል፤ መታጠቢያዋን ግን አታስቀሩ።

አልጋ አንድ ይበቃል። የቀረው ወለል ለፍራሽ ይሁን። ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚገባበት 70 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁምሳጥን ግድግዳው ውስጥ አሠሩ፤ አለበለዚያ ዕቃው ዓመቱን ሙሉ ከልጆቹ አልጋ ሥር ነው የሚኖረው።

በእኛ አገር ሰው ወለል ላይ መቀመጥ ይወዳል። አረቢያን መጅሊስ ዘርግታችሁ መስኮቱ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ የተቀመጠው ሰው የሚያየው ግድግዳ ነው። ወደ ግቢው የሚያየውን መስኮት ከወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ አስጀምሩ፤ ብረት ይደረግበት። ልዩነቱን ጀርባችሁን ደግፋችሁ ስትቀመጡ ታዩታላችሁ።

የደሴ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አስቡ። መካ ከደሴ ቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ፊቱም ጀርባውም ወደ ሰሜን እንዳይሆን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አስቀምጡት። ለውዱእ ዝቅ ያለ ቧንቧና የሚቀመጡባት ትንሽ ዱካ በቂ ናት። በስተምሥራቅ ያለውን ግድግዳ ከፊሉን ባዶ ብትተዉት ደግሞ ሥዕለ አድኅኖ የሚሰቅለውም ሰው ቦታ አያጣም።

በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የመታጠቢያውም ጭምር። ከእንግዶቻችሁ አንዱ በምርኩዝ የሚሄዱ አባት ወይም ከሆስፒታል የወጣ ሰው መሆኑ አይቀርም። ከበሩ ፊት 1.5 ሜትር ያህል ጣሪያ ያለው ጫማ ማውለቂያ ይኑር። ከውጭ በር እስከዚህ ድረስ የሚወስደው መንገድ በእናንተ መኝታ ቤት መስኮት ሥር አይለፍ፤ ሌሊት የሚገባ እንግዳ በየደረጃው "ይቅርታ" እያለ መሄድ የለበትም።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልበል። በብርድ ወራት ሰው ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ክፍል ያስገባል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ይገድላል፤ ሽታ የሌለው ጭሱ ሰውን በእንቅልፉ ይወስደዋል። ስለዚህ በጣሪያው አጠገብ የማይዘጋ አየር ማስገቢያ ይኑር፤ ለኤሌክትሪክ ማሞቂያም ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር ይዘርጋ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በአፍ ንገሩት።

ይህ ክፍል እንግዳ በሌለ ጊዜ ሊከራይ ይችላል። ሐሳቡ ካላችሁ ከአሁኑ የመብራት ንዑስ ቆጣሪ ቦታ አዘጋጁለት። በቆጣሪ መጨቃጨቅን የመሰለ ጎረቤትነትን የሚያበላሽ ነገር የለም።

6. ሰገነቱ

ለቡና ክብ ሠርቶ ለመቀመጥ 3 ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋል። ከዚህ ከጠበበ ረከቦቱ ከተቀመጠ በኋላ ሰው በጎን እየተሽሎከለከ ነው የሚያልፈው። ከሰል ማንደጃው የሚቀመጥባትን ማዕዘን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ነፋሱ ጭሱን ወደ ሳሎን በር ሳይሆን ወደ ውጭ የሚወስድበት ይሁን። እዚያው አጠገብ ሶኬት፣ አመዱ የሚደፋበት ዕቃ፣ ስኒ የሚታጠብበት ትንሽ ቧንቧ። አቦልም በረካም አንድ ቦታ ላይ ያልቃል፤ ቡና የምታፈላው ሰው አሥር ጊዜ አትመላለስም።

የእጅ መደገፊያው ከ1 እስከ 1.10 ሜትር ከፍታ ይኑረው። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ የሕፃን ጭንቅላት ያልፋል። አግድም ብረት ደግሞ ለልጅ መሰላል ነው፤ ቁም ብረት ይሻላል።

ሰገነቱ የእንግዳው ጣሪያ መሆኑን አትርሱ። ካፈሰሰ የሚያፈሰው አልጋው ላይ ነው። ወለሉ ከሳሎኑ ወለል 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር እያዘነበለ ወደ ውጭ ይሂድ። በሬንጅ የተሠራው ሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ) ተነጥፎ ግድግዳው ላይም ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ከዚያ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ይፈተናል፤ መውጫው ይደፈንና 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሞላል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይ። ከታች ገብታችሁ ኮርኒስ ያልተመታበትን ሶሌታ በባትሪ እዩ። ነጥብ የምታህል እርጥበት ካለች ሥራው አላለቀም። ሠራተኞቹ "ሲደርቅ ይተዋል" ይሏችኋል። አይተውም።

7. ግቢው

ቁልቁለት ላይ ግቢውን በሙሉ ለመደልደል አትድከሙ። አንድ ሜዳ ይበቃችኋል፤ ቢያንስ 5 በ6 ሜትር፣ ከውጭ በሩ አጠገብ። እዚያ ድንኳን ይተከላል። ሌላ ጊዜ መኪና ይቆምበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ከወለሉ ጋር የተቀበሩ ሁለት ሦስት የብረት ቀለበቶች ቢኖሩት ድንኳን የሚተክሉት ጎረምሶች ድንጋይ ፍለጋ አይሄዱም።

ከዚህ ሜዳ ብዙ ሳይርቅ የውጭ ማድቤት ይሁን። ምጣዱ፣ ትልልቁ ድስት፣ የሽሮው ቁሌት ሁሉ እዚያ ይሁን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚጠቀም ራሱን የቻለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ብሬከር ያስፈልገዋል። ለእንጨት ምድጃ ከፍ ያለ ጭስ መውጫ አድርጉ። በግ የሚታረድበት 2 በ2 ሜትር የሲሚንቶ ወለል፣ ቧንቧና የፍሳሽ ቀዳዳ ከጎኑ ይኑር።

ከሜዳው ወደ ሰገነቱ የሚያወጣው ደረጃ ምቹ ይሁን፤ እያንዳንዱ እርከን 16 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 30 ሴንቲ ሜትር መርገጫ። 2.9 ሜትር ለመውጣት 18 እርከን ይሆናል። መሃል ላይ ማረፊያ አድርጉለት፣ ከአንድ ጎን መያዣ ብረት። ዝናብ ላይ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ደረጃ ላይ አትለጥፉ፤ ጥርብ ድንጋይ ይሻላል።

ተክል ላይ ብዙ አልልም። ባህር ዛፍ ከግንብና ከመሠረት አርቁ። ኮክ፣ ጽጌረዳ፣ ጤና አዳም ደሴን ይወዷታል።

8. ውሃ ሲበዛና ሲጠፋ

ከቤቱ በላይ፣ ከድንበራችሁ ወዲህ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይሁን። ውሃውን ወደ መንገድ ቦይ አውጡት እንጂ የታችኛው ጎረቤት ላይ አትልቀቁት። ጠብ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ከ100 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 2,000 ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ከባድ ከሰዓት ሮቶ ይሞላል። ጎረንዳዮውን ወደ ሮቶው አገናኙ፤ መጀመሪያ የሚወርደውን ቆሻሻ ውሃ የሚያስወጣ ቫልቭ ይኑረው። ይህ ውሃ ለሽንት ቤት፣ ለልብስና ለአትክልት ይሁን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንግዳ የበዛ ቀን ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ከላይኛው መሬት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ደግሞ ያለ ፓምፕ ለታችኛው ማረፊያ ውሃ ይሰጣል፤ ይሄም ከቁልቁለቱ የተገኘ ነው።

የፍሳሽ ጉድጓዱ በታች በኩል ይሁን፣ ከማረፊያው መስኮት ራቅ ብሎ። የፍሳሽ መጣጭ መኪና ቱቦ እንዲደርስ አስቡ። ከቤት ጀርባ ቀብሮ በኋላ ቱቦ የማይደርስለት ስንት ሰው አለ!

9. ኮምቦልቻ ከሆነ

ኮምቦልቻ ላይ ብዙው ነገር ይገለበጣል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እዚያ ፀሐይ አትፈለግም፤ ጥላና ነፋስ ነው የሚፈለገው። የጣሪያው መውጫ 1 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን፤ በምዕራብ በኩል መኝታ ቤት አታድርጉ። መስኮቶች ፊት ለፊት ይሁኑ፣ ነፋስ ያሳልፉ። ከቆርቆሮው ሥር አየር የሚወጣበት ክፍተት ከሌለ ማታ ክፍሉ እቶን ነው።

ሜዳ ስለሆነ ማረፊያው ከዋናው ቤት ተለይቶ በጀርባ ይሠራ። በሁለቱ መካከል ከ4 እስከ 5 ሜትር ስፋት ያለው፣ ጣሪያ የለበሰ በረንዳ ያለው ግቢ ይሁን። ውጭ መቀመጥ እዚህ የማታ ነገር ነው፤ ስለዚህ መብራትና የትንኝ ወንፊት ይታሰብበት። በመኝታ መስኮቶች ላይ ወንፊት ግዴታ ነው፤ ኮምቦልቻ ወባ አለ።

ሜዳው ላይ ጥቁር ዋልካ አፈር ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ይሰነጥቃል። ተነስቶ በጥሩ አፈር መተካት ወይም መሠረቱ ከእሱ በታች መውረድ አለበት። ከቦርከና አቅራቢያ ከሆናችሁ የወለሉን ከፍታ ከመወሰናችሁ በፊት ጎርፉ እስከየት እንደደረሰ የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ።

10. ኖራ በመሬት ላይ፣ ከዚያ ወረቀት

ፕላኑን ከማስጨረሳችሁ በፊት ችካልና ሲባጎ ይዛችሁ ቦታው ላይ በልኩ አስምሩት። ክፍሎቹን በኖራ ሳሉ። ከዚያ ዘጠኝ አሥር ኩርሲ ውሰዱና ሰገነቱ በሚሆንበት ልክ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። ሰው ተቀምጦ ሳለ ሌላው በጀርባ ያልፋል? እማማ ከመኝታቸው እስከ ሽንት ቤት ስንት እርምጃ ነው? ወረቀት ላይ ሰፊ የመሰለው ብዙ ጊዜ እዚህ ይጠብባል።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፕላን ወስዳችሁ "ይሄን አድርግልኝ" አትበሉ። ያ ለሜዳ የተሠራ ነው፤ ፀሐዩም የእናንተ አይደለም። ለአርኪቴክቱ የእንግዶቹን ዝርዝር፣ የክረምቱን ቪዲዮና የሰርቬየሩን ልኬት ስጡት። ከፕላኑ ጋር ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ የሚታይበትን ሴክሽን ጠይቁ። ቁልቁለት ላይ ሴክሽን የሌለው ፕላን አትቀበሉ። የአርኪቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ሥዕሎች ሁሉም ይሟሉ። ከድንበር ስንት መራቅ እንዳለባችሁና ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ ደግሞ ካርታችሁን ይዛችሁ ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል በጽሑፍ አረጋግጡ፤ የግንባታ ፈቃዱ በእጃችሁ ሳይገባ ቁፋሮ አትጀምሩ።

11. ገንዘቡ በአንዴ ካልሞላ

የብዙዎቻችን ነገር ይሄ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የጎርፍ ቦዩና የድጋፍ ግንቡ፤ በበጋ ተጀምረው ከሰኔ በፊት ይለቁ። ቀጥሎ የታችኛው ማረፊያ ከነሶሌታው። እዚያ ላይ ጊዜያዊ ቆርቆሮ አልብሳችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ ኪራይ ይቆማል፣ ግንባታውንም ከጎን ሆናችሁ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ዋናው ቤት። መጨረሻ የውጭ ማድቤቱና ሴራሚኩ።

ሥራው በመሃል ከቆመ ለቀጣዩ ተብሎ ወደ ላይ የተተወ ፌሮ ዝናብ እየመታው አይክረም፤ ዝገት ይበላዋል። በስስ አርማታ ይሸፈን፣ ጊዜው ሲደርስ ተሰብሮ ይወጣል። የመብራትና የውሃ ቱቦዎች ግን በመጀመሪያው ዙር ሁሉም ይቀበሩ፤ ለማድቤቱም፣ ለድንኳኑ ሜዳም፣ ለሰገነቱ ቧንቧም። ከመሸፈናቸው በፊት ሜትር አጠገባቸው ዘርግታችሁ ፎቶ አንሷቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ የት እንደሚቆፍር ከፎቶው ያያል።